ጥይት የጨረስንበት እሁድ

ያለፈው እሁድ ወዳጄን ጠይቄ ከአልዱባ ወደ ጂንካ ስመለስ፣ ከተሳፈርኩበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ወረድኩ። ከኋላችን የመጣ የሰርግ አጀብ ጡሩምባውን እያስጮኸ ሊቀድመን ሲል፣ ፒካፕ ላይ የቆመ ከረባት ያሰረ ጎረምሳ ክላሹን ወደ ሰማይ አንስቶ ደጋግሞ ተኮሰ። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲነጥር ልጁም ይነጥራል፣ የጠመንጃው አፈሙዝም አብሮ ይነጥራል። ሾፌራችን ሳቀና በጡሩምባ መለሰለት። አንዳንዱ ተሳፋሪም አጨበጨበ። እኔ «ወራጅ አለ» አልኩ።

«ጋሼ፣ ጂንካ እኮ ገና ነው» አለኝ ረዳቱ።

«አውቃለሁ። እዚሁ አውርደኝ።»

«ደስታ ነው እኮ! ምን ያስፈራዎታል?»

ሒሳቤን ከፍዬ ወረድኩ። በዚህ ዕድሜዬ በጥር ፀሐይ ዳገት መውጣት የብልህ ሰው ሥራ እንዳልሆነ አላጣሁትም። ጉልበቴም መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሲነግረኝ ነበር። ግን እኔ አንዴ ከወረድኩ ወረድኩ ነው። እልኸኝነቴን ባለቤቴ ወይንሸት በደንብ ታውቀዋለች፤ ግማሹንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ቤት ስደርስ አቧራዬን አየች፣ ከሩቅ የሚሰማውን ተኩስ አዳመጠች፣ ምንም ሳትጠይቀኝ የእግር ውሃ አቀረበችልኝ። ውሃው ውስጥ እግሬን ነክሬ ሳለሁ ያ የወጣትነታችን እሁድ ከነአሸዋው መጣብኝ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ተሸክሜ ከበና መንደር ወደ ፀማይ መንደር ስዞር የምውል፣ ፀሐይ ያከሰለኝ ቀጭን ልጅ። የተበተነው ጦር መሣሪያ በየሰው እጅ ገብቶ ስለነበር በዚያን ዘመን ጠመንጃ ማየት ጃንጥላ የማየት ያህል ነበር። ቆላው ውስጥ ሰው ከብቱን የሚጠብቅበት ነው፣ ይገባኛል። ከተማችን ግን ለሰርግ ማድመቂያ አደረገችው። ሙሽራ ሲወጣ ተኩስ፣ ሙሽራ ሲገባ ተኩስ። ተኩስ ያልተሰማበት ሰርግ ጨው እንደሌለው ወጥ ይታማ ነበር።

ወይንሸት ከእናቷ ጋር በቤታቸው ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ሱቅ ሳሙናና ሻማ ትሸጥ ነበር። እኔ ለአንድ ክትባት ሠራተኛ ከሚያስፈልገው በላይ ሳሙና ገዛሁ። በዚያ ዓመት ጂንካ ውስጥ እንደ እኔ ንጹሕ ሰው አልነበረም። ሳሙናው ሥራውን ሠርቶ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ሰርጋችን ለጥር ተቆረጠ።

አባቷን አላየኋቸውም፤ እሷ ገና ተማሪ ሳለች ነው የሞቱት። የጎረቤት ሰርግ ላይ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው፣ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከጓደኛቸው ጋር ሲያወሩ ጥይት መታቸው። ውጭ ብዙ ሰው ይተኩስ ስለነበር የማን እንደሆነ አልታወቀም። ሽማግሌዎች የሁሉንም ቤተሰብ ሰብስበው አስታረቁ፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ለእናትየው፣ ለእትዬ የሺመቤት ግን አልተዘጋም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ሰርግ ኖሮ ተኩስ ከተሰማ፣ ሥራቸውን ጥለው ጓዳ ይገባሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ ተኩሱ እስኪያልቅ ጋቢ ተከናንበው በጨለማ ይቀመጣሉ።

የወይንሸት ታላቅ እህት አልማዝ ስታገባ ሚዜዎቹ አንተኩስም ብለው ምለው ነበር። ሙሽራው በር ሲደርስ አንዱ ደስታውን መቻል አቃተው። እሱን ተከትለው ሌሎቹም ለቀቁት። እትዬ የሺመቤት ጓዳ ገቡ። አልማዝ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በዳበሳ የእናቷን ጉልበት ፈልጋ በጨለማ ሳመች። እናትየው እየተንቀጠቀጡ ስለነበር ምርቃት የሚባል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። አልማዝ ሳትመረቅ ወጣች።

ይህንን ወይንሸት የነገረችኝ ስለ ድግሱ ልንነጋገር በተቀመጥንበት ቀን ነው።

«እናቴ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ፣ ፊቷን እያየሁ ጉልበቷን ስሜ፣ ተመርቄ ነው የምወጣው» አለችኝ። «ካልሆነ አልወጣም።»

«ማንም አይተኩስም፤ ቃሌ ነው።»

«የአልማዝ ባልም ቃሉን ሰጥቶ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ጥይቱ ይለቅ» አለች። «ሰው ደስ ሲለው ቃሉን ይረሳል። የሌለ ጥይት ግን አይተኮስም። ተኩሳችሁን ሌላ ቦታ ጨርሳችሁ ኑ።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወደ መስፍን ሄድኩ።

መስፍን የእህል ነጋዴ ልጅ፣ አንደኛ ሚዜዬና ሳይናገር መዋል የማይችል ሰው ነበር። ጓደኞቼ ለሰርጌ ያዋጡትን ጥይት በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሰብስቦ አልጋው ስር አስቀምጦታል። የወይንሸትን ሐሳብ ስነግረው «ሰርግ ነው ወይስ ለቅሶ ነው የምትደግሱት?» ብሎ ተቆጣ። ትንሽ ቆይቶ ግን የኢላማ ውድድር የሚለው ነገር አእምሮው ውስጥ ገብቶ ሲቁለጨለጭ አየሁት። ማን እንደሚያሸንፍ፣ የተሸነፈው በሰርጉ ቀን ውሃ እንዴት እንደሚቀዳ ማውራት ጀመረ። በማግስቱ ሐሳቡ የራሱ ሆኖ ለሰው ሲያወራው ሰማሁት።

እንዲመሩን የለመንናቸው ሃምሳ አለቃ ደሳለኝን ነው። በቀድሞው ጦር ውስጥ ምልምሎችን ያሠለጥኑ የነበሩ፣ አሁን የመሥሪያ ቤታችን መጋዘን ጥበቃ የሆኑ ሰው ናቸው። ለቀበሌውም ለፖሊስም ራሳቸው አስታወቁልን። ከዚያ ሁላችንንም መጋዘኑ ደጅ ሰብስበው፣ እሳቸው ያሉት ብቻ እንደሚሆን፣ የመጨረሻው ጥይት ሳይተኮስ ጠላም አረቄም በማንም አፍ እንደማይዞር ነገሩን። መስፍን ሊከራከር አፉን ሲከፍት «አንተ ቤትህ መቅረት ትችላለህ» አሉት። መስፍን አፉን ዘጋ። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቦታውን ያገኘልን ኦይታ ነው። ኦይታ የበና ሰው፣ በከብት ክትባት የተዋወቅሁት ወዳጄ ነው። መጀመሪያ መርፌዬን አላምን ብሎ ከአንዲት አሮጊት ላም በቀር አላስነካ ያለኝ፣ ላሚቱ ስትድን ደግሞ መንደሩን ሁሉ ነድቶ ያመጣልኝ ሰው። ከአልዱባ ወዲህ፣ ውሃው የደረቀ ሰፊ አሸዋማ ወንዝ አሳየን። ከወንዙ ማዶ ቀጥ ብሎ የቆመ የአፈር ገደል አለ፤ ጥይት ገብቶበት የማይወጣበት። በዚያ አገር ተኩስ ሲደጋገም ሰው ሁለት ነገር ነው የሚጠረጥረው፤ ወይ ትልቅ ሰው ሞቷል፣ ወይ ከብት ተዘርፏል። ስለዚህ ኦይታ ቀድሞ በየመንደሩ ዞረና ማንም እንዳልሞተ፣ ማንም እንዳልዘረፈ፣ የጂንካ ልጆች ሊጫወቱ እንደሚመጡ ተናገረ። ያን ዕለት ፍየሎች በዚያ በኩል እንዳይሰማሩም አስጠነቀቀ። ሽማግሌዎቹ «ጥይት ለጨዋታ? ሀብታሞች ናቸው ወይስ እብዶች?» ብለው ጠየቁት አሉ። ኦይታ ሁለቱንም አይደሉም፣ ሊያገቡ ነው ብሎ መለሰላቸው።

ከሰርጉ በፊት ባለው እሁድ በጠዋት በመስፍን አባት አሮጌ ፒካፕ ወረድን። ከጂንካ ስንነሳ ሙዝና እንሰት ያለበት ደጋማው አየር ቀዝቀዝ ይል ነበር። ቁልቁል በሄድን ቁጥር ሹራብ እየወለቀ፣ ግራሩ እየበዛ፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ እየገባ ሄደ። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ይዘን ነበር፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር ዳጣው የአንዱን ዓይን ያቃጥላል። ጠመንጃዎቹ ባዶ ሆነው በገመድ ታስረው ከሃምሳ አለቃ እግር ስር ተጋድመዋል፤ የጥይቱን ቆርቆሮ እሳቸው ታቅፈውታል። ወይንሸትም መጥታለች። ሙሽራ በሰርጓ ሳምንት ቤት ተቀምጣ እጇን እንሶስላ ትሞቃለች እንጂ በረሃ አትወርድም ብለው አክስቶቿ ጮኸው ነበር። «ጥይቱ ሲያልቅ ዓይኔ ካላየ እንሶስላውም አይሞቀኝም» ብላ ባርኔጣዋን አድርጋ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

አሸዋው ላይ ሃምሳ አለቃ መጫኛ ዘረጉ። ከመጫኛው ወዲያ የሚያልፈው ተራው የደረሰ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥይት የሚጎርሰው እዚያ ነው፤ አፈሙዙ ከገደሉ ሌላ ወደየትም አይዞርም። «ቁም» ከተባለ ቃታ ላይ ያለ ጣት ይወጣል። ኢላማውን የሠራው አናጢው ማርቆስ ነበር። ከወላይታ መጥቶ ጂንካ የከተመ፣ ጠዋት ማታ የሚጸልይ፣ በዕድሜው ተኩሶ የማያውቅ ጓደኛችን። ሣንቃ ላይ በኖራ ክብ ሠርቶ መጣ። መስፍን በከሰል ክቡ ውስጥ ዓይንና ጢም ሣለበት። ሃምሳ አለቃ አዩትና ሣንቃውን ገልብጠው በባዶው በኩል አቆሙት።

«ለምን?» አለ መስፍን።

«እኔ ሰው የሚመስል ነገር ላይ መተኮስ ጨርሻለሁ» አሉ።

ተኩሱ ሲጀመር ጨዋታው ደራ። መስፍን ሁለቴ ከመታ በኋላ ስለ ነፋስ አቅጣጫ ያስተምረን ጀመር፤ ሦስተኛውን ሲስት ነፋሱ ተለወጠ አለ። ማርቆስ ጠመንጃውን እንደ ተሰባሪ መስታወት ተቀብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ሃምሳ አለቃ ጠብቀውት «አሁን ዓይንህን ግለጥ፤ እሱ ሰምቶሃል» አሉት። ተኮሰና የሣንቃውን መሐል በሳው። ከደስታው የተነሳ ጠመንጃውን ይዞ ወደ እኛ ሊዞር ሲል «ቁም» የሚል ድምፅ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ማርቆስ ደርቆ ቀረ። ሃምሳ አለቃ ቀስ ብለው ሄደው ትከሻውን ይዘው ፊቱን ወደ ገደሉ መለሱት፣ ጠመንጃውን ተቀበሉት፣ ከዚያ በኋላ ነው «ጎበዝ፣ መታህ» ያሉት። የእኔን ተኩስ በተመለከተ ገደሉን አልሳትኩትም። ኦይታ በበኩሉ ሳይቸኩል ተኩሶ ሳይኩራራ ይመለስና ከእጁ በማይለየው ትንሽ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ሁላችንም በእሱ ተበለጥን፤ መስፍን ብቻ አላመነም።

ጥይቱ እየጎደለ ሲሄድ ወይንሸት ከመጫኛው ጫፍ ተነስታ «እኔም ልተኩስ» አለች።

ሳቅ ሆነ። ሃምሳ አለቃ አልሳቁም። አስተካክለው አስያዟትና ትከሻዋ ላይ አስደገፉላት። ተኮሰች። ገደሉ ላይ አፈር ቦነነ። ጠመንጃውን መልሳ ሰጥታ ትከሻዋን አሸች።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ደስ ይላል» አለች። «ለዚህ ነው የማላምናችሁ።»

የመጨረሻው ጥይት ተተኮሰ፣ ቆርቆሮው ተገልብጦ ታየ፣ ሃምሳ አለቃም «አበቃ» አሉ። ኦይታ ያረደልን ፍየል በእንጨት ተሰክቶ ፍሙን ከቦ ቆሟል፤ ስቡ እየተንጠባጠበ ይጨሳል። ጠመንጃዎቹን ግራሩ ላይ አስደገፍናቸው። ማርቆስ ከግራሩ ስር ተቀምጦ ሥጋውን ያገላብጣል። ሁሉም ጫማውን አውልቆ፣ ሸሚዙን ፈትቶ ሳቁን ለቀቀው። ወይንሸት ግን አልተቀመጠችም።

«ይከፈቱና ይታዩ» አለች።

«ምኑ?» አለ መስፍን።

«ጠመንጃዎቹ።»

«ስንተኩስ ቆጥረሽ የለ እንዴ? ሌቦች ነን?»

«ሌባ አላልኩህም። ይከፈቱና ይታዩ።»

ሃምሳ አለቃ ተነስተው አንድ በአንድ ማቀባበያውን እየሳቡ አሳዩዋት። ባዶ። ባዶ። ይህም ባዶ። የኦይታ ክላሽ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ዘገየ። አገሩ የእሱ ነው፣ ፍየሉ የእሱ ነው፣ እኛ እንግዶቹ ነን። በገዛ ሰፈሩ የአንድን ወንድ ጠመንጃ አንስቶ መበርበር ደፍሮ እንደ መስደብ ነው። ሃምሳ አለቃ አለፉት።

«የኦይታስ?» አለች ወይንሸት።

 እኔም መሬት መሬት አየሁ። ኦይታ ራሱ ከበርጩማው ተነሳና ጠመንጃውን አንስቶ አፈሙዙን ወደ ገደሉ አዞረ፤ ማቀባበያውን ሲስብ አንዲት ጥይት ዘላ አሸዋው ላይ ወደቀች። ማርቆስ ሥጋ የሰካበትን እንጨት ይዞ ቀና አለ። ጠመንጃው ተደግፎ የነበረው ከራሱ በላይ ነው።

«አጉርሰህ ነው ያቆምከው?» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ፊታቸው ተለዋውጧል። የተቆጡት በኦይታ ይሁን ጠመንጃውን ሳያዩ በማለፋቸው በራሳቸው አላውቅም።

«እኔ አልዋሸሁም» አለ ኦይታ ጥይቷን አንስቶ አሸዋዋን እየጠረገ። «የሰርጉን ጥይት ጨርስ አላችሁ፣ ጨረስኩ። ይሄ የሰርግ አይደለም፣ የከብት ነው። እኛ አገር ወንድ ባዶ ጠመንጃ ይዞ በረቱ አይገባም። አባቴም እንደዚህ ነው ያደረገው።»

«እንግዲያው በሰርጉ ቀን ጠመንጃህን ቤትህ ተወው» አልኩት።

«ወዳጄ ሲያገባ ባዶ እጄን ልምጣ? ሰው ምን ይላል? ንቆት መጣ ይላል። ከጠመንጃዬ ጋር ካልሆነ አልመጣም።»

መስፍን «ተዉት እንግዲህ፣ አንድ ጥይት ናት፤ ኦይታ ደግሞ እንደኛ ቀልቃላ አይደለም» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው ሳስብ ነበር። ኦይታን ማጣት አልፈለግሁም። ወይንሸትን ግን አየሁና፣ አንዲት ጥይት ካለች ያለን ነገር ቃል ብቻ እንደሆነ፣ ቃልን ደግሞ አልቀበልም እንዳለችኝ አስታወስኩ። «ጥይቷ ካለች ጠመንጃው ከሰርጌ አይገባም» አልኩ።  ኦይታ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ወዳጅነታችን እዚያ አሸዋ ላይ ያለቀ መሰለኝ።

ወይንሸት አጠገቡ መጥታ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። የአባቷን ነገር ነገረችው። አላወቀም ነበር፤ እኔም ነግሬው አላውቅም።

«የገደለው ሰው ክፉ አልነበረም» አለችው። «ደስ ያለው ሰው ነበር። እስከ ዛሬ ከእኛ ሱቅ ሳሙና የሚገዛ ሰው ሊሆን ይችላል። ለመጣው ሁሉ ይህንን እያሰብኩ መሸጥ ሰልችቶኛል፣ ኦይታ። ሁሉንም እያየሁ እሱ ይሆን እላለሁ።»

«ደሙን ማን ከፈለ?»

«ሰውየው ሳይታወቅ ማን ይክፈል?»

«እናትሽ ታዲያ ማንን ይቅር አለች?»

«ማንንም።»

ኦይታ ጥይቷን በመዳፉ ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ «እናትሽን ማየት እፈልጋለሁ» አለ። ሥጋው ቀረበ። መብላት ጀመርን። በኋላ ማርቆስ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ራሴ ቦታው ላይ ነው» ሲል ኦይታ ቀድሞ ሳቀ፤ ከፍየሉ ጥሩውን ቁራጭ መርጦ በእጁ ሰጠው። ሃምሳ አለቃም የእያንዳንዱን ጠመንጃ ጥይት መጉረሻ፣ የኦይታንም ጭምር፣ ሳይጠየቁ ደግመው አዩ። ከዚያ በኋላ ነው ጠላው የተቀዳው። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ፍየል የለም።

ኦይታ የመጣው በሰርጉ ዋዜማ በቀትር ነው፤ መስፍን ወደ ሙሽራዋ ቤት ይዞት ሄደ። እትዬ የሺመቤት ከሴቶቹ ጋር በረንዳ ላይ ሽንኩርት ይልጣሉ። ጠመንጃውን ሲያዩ እጃቸው ቆመ። ኦይታ ከደረጃው በታች በርጩማውን አስቀምጦ ተቀመጠ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ፣ ጥይቷን ደግሞ በሌላ እጁ አሳያቸው።

«እናቴ፣ ነገ ልጅሽን ልንወስድ ነው» አለ። «እኔ ጠመንጃ አለኝ፣ ጥይትም አንድ አለኝ። ጓደኞቼ ጣለው አሉኝ፤ መጣል አልችልም። አንቺ ንገሪኝ።»

«ጥይቱ ለምንህ ነው?»

«ለከብቶቼ። መንገዴ ሩቅ ነው።»

«ልጆች አሉህ?»

«አሉኝ።»

እትዬ የሺመቤት ቢላዋውን አስቀመጡ፤ ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ ማንም አልጠየቀ። «እንግዲያስ ጥይትህን ያዝ፤ ያስፈልግሃል» አሉት። «ጠመንጃህን ግን ለእኔ ስጠኝ። ሰርጉ ሲያልቅ እኔው ራሴ እመልስልሃለሁ።»

ኦይታ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ባላቸውን ካጡ ጀምሮ ወደ ጠመንጃ ቀርበው የማያውቁት ሴት ተቀበሉት፤ ከብዷቸው ዘንበል አሉ፣ ሊረዳቸው እጁን የዘረጋውን መስፍንን በዓይናቸው መለሱት። ወስደው ጓዳ አስገቡት፤ በሩን ቆልፈው ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። ኦይታ ያን ዕለት ከተማውን ያለ ጠመንጃ ሲዞር ሰው ሁሉ ይጠይቀው ነበር። «ከሙሽራዋ እናት ጋ ነው፤ አደራ ነው» ይላል ደረቱን ነፍቶ።

በሰርጉ ቀን ከበሮ፣ ዘፈን፣ እልልታ ነበር፤ ተኩስ አልነበረም። ሰዉ ግን ከልማድ የተነሳ መኪናው በቆመ ቁጥር ወደ ሰማይ ያያል። እትዬ የሺመቤት በረንዳው ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨብጦ። እኛ የግቢው በር ደረስን፣ ልጃገረዶቹ እንደ ወጉ በሩን ዘጉብን፣ ሚዜዎቹ እየተለማመጡ ነው። በዚህ መሐል የመስፍን አባት ፒካፕ ሞተሩ ሊጠፋ ሲል የጭስ ማውጫው እንደ ጥይት ጮኸ፤ ደገመም። ዘፈኑ ተቋረጠ። መስፍን አመድ መሰለ። እትዬ የሺመቤት ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ወይንሸት ከነመጋረጃዋ ሳሎን ውስጥ ቆማለች። እናቷ በአጠገቧ አልፈው ወደ ጓዳው ሲሄዱ፣ መቀነታቸውን ሲፈቱ፣ ቁልፉን ሲያወጡ አየች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ በዚያች ደቂቃ ሰርጉም እኔም ነገሩ ሁሉ ያበቃ መስሏት ነበር። እትዬ የሺመቤት ቁልፉን በሩ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ቆሙ።

«እዚህማ ጠመንጃው ነው ያለው» አሉ።

ለራሳቸው ነበር የተናገሩት። ቁልፉን መልሰው አወጡ። ዞረው ልጃቸውን አዩ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «በይ ነይ፤ የምገባበት የለኝም» ብለው እጇን ይዘው እየመሯት ወደ በረንዳው ወጡ፤ ሰው ሁሉ እያያቸው በፀሐይ ተቀመጡ።

ወይንሸት ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቁ፤ ውለጂ፣ ክበጂ አሉ፣ በደስታሽ ቀን የምትደበቂ አትሁኚ አሉ። ድምፃቸው እስከ አጥሩ ይሰማ ነበር። ሲጨርሱ፣ ከሴቶቹ መሐል አልማዝ ወጣች። ልጅ አዝላለች። ከእህቷ ጎን ተንበርክካ እሷም የእናቷን ጉልበት ሳመች፣ ሳትነሳም ጠበቀች። እትዬ የሺመቤት ገባቸው፤ ሌላውን እጃቸውን እሷ ራስ ላይ አደረጉ፤ ምርቃቱን ከመጀመሪያው ጀመሩላት። እኔ ሙሽራው በገዛ ሰርጌ ከበሩ ውጭ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መስፍን መሐረብ ሰጠኝ፤ እሱ ቀድሞ ስለተጠቀመበት እርጥብ ነበር።

ድግሱ ሲያልቅ ጠመንጃውን እትዬ የሺመቤት በእጃቸው አውጥተው ለኦይታ ሰጡት። «እንዳትደበቅበት አውቀህ ነው ጓዳዋን ያስያዝክባት?» ብዬ ስንት ዓመት ጠይቄዋለሁ። ያለፈው እሁድም ጠየቅሁት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ስጠኝ አለች ሰጠኋት» ይለኛል። ፊቱን ግን አዞረ።

እትዬ የሺመቤት ካረፉ ቆይተዋል። ሃምሳ አለቃም የሉም። እኛ በእሳቸው ሥርዓት ብዙ እሁዶች እዚያ አሸዋ ላይ ኢላማ ተኩሰናል፤ አንድም ቀን ሰው አልተጎዳም። ደስታ ይከልከል ብዬ አላውቅም፣ አሁንም አልልም። መተኮስ ደስ እንደሚል ባለቤቴም ቀምሳ መስክራለች። ችግሩ ደስ ያለው ሰው ጥይቱ የት እንደሚወድቅ አያይም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ሊያይለት ግድ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ የነበርነው ያንን አላደረግንም፤ እኔም ወርጄ ብቻዬን መሄዴ ለማንም አልጠቀመም። እግሬን እየታጠብኩ ያሳፈረኝ ይሄ ነው።

ወይንሸት የማን ሰርግ እንደሆነ ጠይቃ ደርሳበታለች። የሙሽራውን አባት እናውቀዋለን። ዛሬ መልስ አላቸው፤ ልጆቹም ይተኩሳሉ ተብሏል። እነዚህ አሮጊትና ሽማግሌ ደስታችንን ሊያጠፉ መጡ ይሉናል። ይበሉን። ልጆቻቸውን እንመርቃለን፣ የተሰጠንን እንበላለን፤ ጠመንጃዎቹ ተከፍተው ሳናይ ግን ከዚያ ግቢ አንወጣም። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች፤ «አሁንስ በእግርህ ነው በባጃጅ?» ትለኛለች። ጫማዬን እያሰርኩ ነው።